ለኢዶራ ውሃ ያለው ክፍል ፍለጋ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ኢዶራ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ዳሌሽስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣት ጀመርሽ ወይስ አልጋሽ አሁንም ከታች ሳሎን ነው? ባለቤትሽን ዴሪክን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? ባለፈው ስትደውይ በረዶው ደጃፋችሁን እንደዘጋው ነግረሽኝ ስለነበር፣ መንገዱ ተከፍቶ ይሆን ወይ፣ ዳቦስ ማን ያመጣላቸዋል እያልኩ ሳስብ ከረምኩ። ማርሲያ ከሥራዋ ጋር እንዴት ናት? ትንሿ ኪዚያስ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? ሁላችሁንም በያላችሁበት በናፍቆት ሰላም እላለሁ።

እኛ እዚህ ከውሃ በቀር የጎደለብን የለም። አክስታችን እማማ ዜፍ ደህና ናቸው። ዓይናቸው ግን አንቺ ካየሻቸው ወዲህ በጣም ደክሟል፤ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠን ሰው በድምፁ ካልሆነ አይለዩትም። ጆሮና ምላሳቸው ምንም አልሆኑም። እኔም ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ዝናብ የሚባል ነገር በደንብ ያየነው ከገና በፊት ነው። ፍየሎቹ እንደ ልማዱ ተለቀው ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፤ በቀደም የጎረቤታችንን የትራስ ልብስ ከገመድ ላይ አውርደው በሉት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእናታችን የመቃብር ድንጋይ ተጠርቦ አልቋል። ሳሎን ውስጥ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ስሟንና ዘመኗን ፊደል በፊደል አይቻለሁ፤ ስሕተት የለበትም። የሚተክለው ግንበኛ በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሊተክልልን ቃል ሰጥቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ዩኒየን ደሴት ላይ ሥራ ስለያዘ ዘንድሮ አናገኘውም። ለድግሱ በጉ አለ፣ በቆሎው አለ፣ ለመጠጡም ሩሙ አለ። የቀረሽው አንቺ ነሽ። በእኛ ቤት ድንጋዩ ላይ መጀመሪያ ውሃ የምታፈስሰው የሟቿ የመጀመሪያ ሴት ልጅ መሆኗን ለአንቺ አልነግርሽም። እናታችን ለእናቷ ስታፈስስ አንቺና እኔ ቀሚሷን ይዘን ቆመን አይተናል።

አንቺ ግን አንድ ነገር አስቀደምሽ። ቤታችን ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ወደዚያ የሚያወርደው ደረጃ ለአዲስ ዳሌ አይሆንም። ይህ እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። የባሕር ዳርቻውን ትልቅ ሆቴል ደግሞ የጡረታ ገንዘባችሁ አይችለውም፤ ይህም እውነት ነው። ስለዚህ «ዋጋው ቀላል የሆነ፣ ንጹሕ፣ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ የሚመጣበት፣ ሽንት ቤቱ የሚሠራ ክፍል አንተው ራስህ ገብተህ ፈትነህ ካገኘህልኝ እመጣለሁ፤ ካልሆነ በስልክ ታሳየኛለህ» አልሽኝ። በስልክ ያልሽውን እማማ ዜፍ አጠገቤ ሆነው ሰምተውታል። «ምኑን ነው በስልክ የምታየው? ውሃውንም በስልክ ልታፈስሰው ነው?» አሉኝ። በማግስቱ ጫማዬን አሥሬ ወጣሁ።

እንዴት እንደምፈትን ልንገርሽ። ሰው ክፍል ሲያይ መጀመሪያ አልጋውን በእጁ ይጫናል፣ መጋረጃውን ይገልጣል፣ በመስኮት ባሕሩን ያያል። ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ በቀጥታ ሽንት ቤት እገባና ውሃውን እለቃለሁ። አንድ ጊዜ መልቀቅ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ የትኛውም ሽንት ቤት ገንዳው ውስጥ ያደረ ውሃ አያጣም። ቁም ነገሩ ሁለተኛው ነው። ገንዳው ተመልሶ እስኪሞላ ቆሜ እጠብቅና እንደገና እለቃለሁ። ከዚያ የእጅ መታጠቢያውንና ሻወሩን አንድ ላይ እከፍታለሁ፤ አንዱ ሲፈስስ ሌላው ጸጥ የሚል ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። በመጨረሻ ወጥቼ ታንከሩን በጣቴ አንኳኳለሁ። ባዶ ታንከር ድምፁን መደበቅ አይችልም።

መጀመሪያ የሄድኩት ሂልስቦሮ፣ ጀልባ መውረጃው አጠገብ ወዳለው ፔንሲዮን ነው፤ ማርሲያ ከኢንተርኔት ፎቶውን የላከችልኝ ያ ሰማያዊ ቤት። ፎቶውን ያነሣው ሰው ጎበዝ ነው፤ ቤቱ ግን ሌላ ነው። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ የጆሴት ልጅ ናት፤ እናቷን አስተምሬያለሁ። ሻወሩ አናት ላይ ውሃ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ ተገጥሞ፣ ሽቦው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ከውሃው ጋር ጎን ለጎን ይወርዳል። «ይህ ነገር ሰው አይዝም?» አልኳት። «ኧረ ቲቸር፣ ቆንጠጥ ነው የሚያደርገው እንጂ አይዝም! ጀርመኖቹ እንኳ ለምደውታል። ከፈሩ የላስቲክ ጫማ አድርገው ይታጠቡ» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ለቀቅኩ፤ ወረደ። ገንዳው ግን አንዲት ቀጭን ክር እያንጠባጠበ መሙላት አቃተው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ልጅቷ በሩን ተደግፋ ስታየኝ ቆየችና «ቲቸር፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ። ሁለተኛውን እየጠበቅኩ መሆኑን ነገርኳት። «ለሁለተኛው ምን አስቸኮለዎት? አሁን አይደል እንዴ የወጡት!» ብላ ሳቀች። ውሃ የሚመጣላቸው በፈረቃ እንደሆነ፣ በፈረቃው መካከል ደግሞ ታንከሩ እንደሚደርቅ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። «ታዲያ እንግዳ በፈረቃው መካከል ቢቸግረውስ?» ብላት፣ «እንግዳዎም እንደ ውሃው በፈረቃ ይለምዱታላ!» አለችኝ። ምላሷ የእናቷ ነው። የጆሴትን ልጅ መቆጣት ስላልፈለግሁ ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ።

በነገራችን ላይ፣ ዴሪክ ወረቀቱ የት እንደሚጣል የጠየቀኝን አልዘነጋሁትም። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ወረቀት ሽንት ቤት ውስጥ አይጣልም» የሚል ተለጥፏል። ይህ የዚያ ፔንሲዮን ብቻ ሕግ አይደለም፤ እዚህ ቱቦው ሁሉ ጠባብ ነው፤ የትም ብታርፉ ወረቀቱ የሚጣለው ክዳን ባለው ቅርጫት ነው። ዴሪክ ፊቱን ሳያኮማትር እንዲለምደው ከወዲሁ ንገሪው።

ቀጥዬ ሌስቴር መንደር ሚስተር ሌንዶር ዘንድ ሄድኩ። ሚስተር ሌንዶር ብሩክሊን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታቸውን ይዘው የተመለሱት ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ጎን የኪራይ ክፍሎች ሠርተዋል። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን መታጠቢያ ቤት ሳይ ተስፋ ያደረብኝ ለአንቺ ብቻ አልነበረም፤ ለሀገሩም ጭምር ነበር። ሴራሚኩ አዲስ፣ ለመያዣ የሚሆን ብረት ግድግዳው ላይ የተገጠመ፣ ደረጃ የሚባል ነገር የሌለበት። ሁለተኛው ሠራ። አላምን ብዬ ሦስተኛ ለቀቅኩ፤ ሠራ። ሚስተር ሌንዶር ከኋላዬ ቆመው «አራተኛም ይሞክሩ ቲቸር፣ አይፍሩ! ፓምፕ ነው ያስገባሁት!» ይላሉ። ደውዬልሽ «እንግዲያው ትኬቱን ላስይዝ ነው» ያልሽኝ ለዚህ ክፍል ነው። አሁን የምነግርሽ ነገር ደስ አያሰኝም።

የዚያን ዕለት ስንሰነባበት ሚስተር ሌንዶር እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ጣሪያውን ቀይ ሊቀቡት እንዳሰቡ ነገሩኝ። እኔም ከአሸንዳው ወደ ማጠራቀሚያው የሚወርደውን ቱቦ መጀመሪያ እንዲነቅሉ አሳሰብኳቸው። «ቲቸር፣ እኔን ደግሞ ስለ አሸንዳ ሊያስተምሩኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። መንቀሉንስ ነቅለዋል። ጣሪያውን ቀብተው፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ ብሩሻቸውን ነክረው ወደ ሂልስቦሮ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥቁር ደመና ሌስቴር ላይ ቆመ።

ክፍሉን ላስይዝ ስመለስ ባልና ሚስቱ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ምን እንደሆኑ ከመጠየቄ በፊት እንደ ልማዴ ቧንቧውን ከፈትኩ። የመጣው ውሃ እንደ ከርከዴ ሻይ ቀይ ነው፤ ሽታው ራስ ያዞራል። ሚስ ሮዛሊን፣ ባለቤታቸው፣ ደመናውን ሲያዩ መሰላል ወጥተው ቱቦውን መልሰው ሰክተውታል። ማጠራቀሚያው ውስጥ የነበረው ደህና ውሃ ሁሉ ከቀለሙ ጋር ተቀላቀለ። «ቀለሙን ረስተውት ነው?» አልኳቸው በቀስታ። «መች ረሳሁት!» አሉኝ። «ከገና ወዲህ ያላየሁት ዝናብ ጣሪያዬ ላይ ሲጮህ እጄን አጣጥፌ ልየው? ሜዳ ላይ ሲፈስስ? ይኼ ሰውዬ ብሩክሊን ቧንቧ ሲከፍት እኔ እዚህ በጠብታ ነው ልጆቹን ያሳደግኩለት!» ሚስተር ሌንዶር ዞር ሳይሉ «መሰላሉን ደብቄው መሄድ ነበረብኝ» አሉ። «ብትደብቀው በአጥሩ እወጣ ነበር!» አሏቸው። ምን ልበላቸው? እኔም ቤት ብሆን፣ ደመናውም በእኔ ጣሪያ ላይ ቢመጣ፣ ቀለሙን እያወቅኩ ያንኑ ቱቦ መልሼ ከመሰካት የምመለስ አይመስለኝም። በዚህ በካሪያኩ ደሴት ተወልዶ ያደገ ሰው የዝናብ ውሃ ሲባክን ቆሞ ማየት አይሆንለትም።

የማጠራቀሚያው ውሃ ጥርግ ተደርጎ ከመደፋት በቀር መፍትሔ የለውም። እንደገና የሚሞላው ደግሞ ዋናው ዝናብ ሲገባ ነው፤ የውሃ መኪናውም ወረፋ ረጅም ነው። ሚስተር ሌንዶር ፊታቸው ጠቁሮ «ለእህትዎ የታሸገ ውሃ እየገዛሁ አቀርባለሁ» ቢሉም፣ ሚስ ሮዛሊን «ሽንት ቤቱንም በታሸገ ውሃ ልታጥብ ነው? እኔ እያየሁ?» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። በእግሬ ወደ ቤታችን ወደ ቦግልስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ መጣሁ።

ሌሎችም አይቻለሁ፤ ሁሉንም አልዘረዝርልሽም። አንዱ ጋ ሽንት ቤቱ የሚታጠበው ከባሕር በሚሳብ ውሃ ነው፤ ይሠራል፣ ነገር ግን አንድ ትንሽ ዓሣ አብሮ መጥቶ አገኘሁት። ሌላው ጋ ሻወሩ ሲከፈት ውሃው የሚወርደው ከሻወሩ ሳይሆን ከመብራቱ ነው። ባለቤቱን ባሳያቸው «መብራቱን አያብሩት ታዲያ» አሉኝ። የአንዱን በስልክ ቀርጬ ብልክልሽ ደግሞ አንቺ «ሴራሚኩ አሮጌ ነው» አልሽኝ። እትዬ፣ ሕይወቴን ሙሉ የልጆችን ስሕተት በትዕግሥት ያረምኩ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በመጨረሻ ወደ ኢና ኳሺ ሄድኩ። ከእሷ ጋር ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንደማትዋደዱ ስለማውቅ ነው እስከዚያ ድረስ ያዘገየሁት። የአያቷ ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ታከራያለች። ላንቺ መሆኑን ስነግራት ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ኢዶራ? ያቺ ከእንግሊዝ የመጣች ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሰላም ብላት በአፍንጫዋ የመለሰችልኝ?» አለችኝ። አላየሽኝ ይሆናል ብዬ ተሟገትኩልሽ። «አየችኝ እንጂ! ባርኔጣዬን ከላይ እስከ ታች ነው ያየችው» አለችኝ። ከዚያ ግን ገብቼ እንዳይ በሩን ከፈተችልኝ።

«አልዋሽህም፣ ቧንቧዬ አይሠራም፤ ለጌጥ ነው የተገጠመው። ውሃ ግን አለኝ» አለች። እውነቷን ነው። አያቷ የሠሩት የድንጋይ ማጠራቀሚያ ከወገብ በላይ ውሃ ይዟል፤ በዚህ ደረቅ ወር እንዲህ ያለ ሌላ ቤት አላየሁም። ጣሪያው ዝጓል እንጂ ቀለም ነክቶት አያውቅም፤ አሸንዳው ውስጥ አንዲት ቅጠል የለችም። ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ቁልፍ አለ፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ለአንድ ሰው ጧት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ ትሰጣለች። «ሦስተኛ ለሚለምነኝ ቁልፉ ጠፍቶብኛል እለዋለሁ» አለችኝ፣ እየዳበሰችው።

ልፈትን የገባሁት እኔ ነበርኩ፤ ተፈታኙ ግን እኔው ሆኜ አረፍኩት። «በአንድ ባልዲ ገላዋን መታጠብ ትችላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ትችላለች አልኩ። «ጸጉሯንም?» ትችላለች። «እጣቢውን በሳፋ አጠራቅማ ለሽንት ቤቱ ታስቀራለች?» ያደገችው እኮ እንዲሁ ነው፣ የአንድ እናት ልጆች ነን አልኳት። «እሱማ ያኔ ነው! እንግሊዝ ሰውን እንደምታልፈሰፍስ እኔ አጥቼው ነው?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ቆጣ ብዬ፣ ኢዶራ ከማንኛችንም በላይ ውሃ መቆጠብ ታውቃለች፣ ዋሷ እኔ ነኝ አልኩ። ኢና ግን «ለሰው ዳሌ ዋስ አይሆኑም፣ ካኑት። ባልዲውን እኔ ራሴ ክፍሏ ድረስ አገባላታለሁ። አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ፤ አመሰግናለሁ ትበለኝ። ጮክ ብላ» አለችኝ።

ክፍሉ መሬት ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም። ሽንት ቤቱ እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ መቀመጫው ከፍ ያለ፣ ለዳሌሽ የተሠራ የሚመስል ነው። ባልዲውን ከፍ አድርጌ ውሃውን ባንዴ ለቀቅኩት፤ ዋጠው። ሁለተኛም ጨመርኩ፤ ዋጠው። ኢና «ይቺን ሁለተኛዋን ከእህትህ ድርሻ ላይ ቆርጫለሁ» አለችኝ። የምትቀልድ አልመሰለኝም።

እትዬ፣ ደክሞኛል። የጠየቅሽኝን ክፍል ማግኘት አልቻልኩም። እዚህ ደሴት ላይ ቧንቧ በከፈትሽ ቁጥር ውሃ ይመጣል ብሎ የሚምልልሽ ሰው ካለ፣ ወይ ዋሽቶሻል ወይ ትናንት ከጀልባ የወረደ ነው። እኔ አልምልልሽም። ስፈትን የከረምኩት እውነት ክፍሉን ነው ወይስ የመምጣትሽን ነገር፣ እሱ ራሱ አሁን አሁን ግራ ገብቶኛል፤ አንዱን ነቀፌታ ስመልስ ሌላ ታመጫለሽና። ስለዚህ መፈተኑን አቁሜያለሁ። የኢናን ክፍል በስምሽ ይዤዋለሁ። ስለ ዴሪክም የባልዲ ድርሻ ተነጋግረናል።

ስልክ ግን አልይዝልሽም። ይህን በደንብ እንድታውቂው እፈልጋለሁ። የዚያ ቅዳሜ ዕለት እናታችን መቃብር ላይ ቆሜ በአንድ እጄ ሩም በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፣ የአንቺን ፊት ለድንጋይ የማሳይ ሰው አይደለሁም። ማርሲያ «አጎቴ፣ አሁን ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» ብላኛለች፤ ሁሉም ሰው ያድርገው። በአንቺ ፋንታ ሌላ ሰው እንዲያፈስስም አላደርግም። ካልመጣሽ ግንበኛውን አሰናብተዋለሁ፤ ድንጋዩም እንደተሸፈነ ሳሎን ውስጥ ይከርማል። ይህን ለእማማ ዜፍ ስነግራቸው አልተቆጡኝም። «ድንጋዩ ዓመት ይችላል። እኔ አልችልም» ብቻ ነው ያሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ የሚያዩት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ።

ለዴሪክ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉ ከአየሩ ከሆነ የእኛ ፀሐይ እንደምታሽረው ንገሪው። ማርሲያን ስለ ፎቶዎቹ አመስግኚልኝ፤ አልተቀየምኳትም። ትንሿን ኪዚያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ብትመጣ ፍየሎቹን እንድታይ እማማ ዜፍ ጠርተዋታል። እማማ ዜፍ ራሳቸው ለእያንዳንዳችሁ በየስማችሁ ሰላም ብለዋል፤ አንቺን ግን ሁለት ጊዜ ነው የጠሩሽ። ጎረቤቶቹም፣ እንዲሁም ሚስተር ሌንዶርና ሚስ ሮዛሊን በተለይ ከይቅርታ ጋር፣ ሰላም ብለውሻል። ኢና ሰላምታ አልላከችም፤ ፊት ለፊት እላታለሁ ብላለች።

ትኬቱን ስትቆርጪ ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ። ምክንያት ከሆነ ግን አትጻፊልኝ፤ ለእማማ ዜፍ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ካኑት

ቦግልስ፣ ካሪያኩ
ማርች 12 ቀን 2019